አጭር ሞገድ በድሬዳዋና በሐረር፦ ሬዲዮ፣ ሽቦና ቦታ እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋና ሐረር በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይራራቁም፤ ለአንዱ ከተማ የሚሆን የአጭር ሞገድ ዕቃ ግን ለሌላው ላይሆን ይችላል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ትሞቃለች፣ አፈሯ አሸዋ ነው፣ ነፋሷ ደረቅ ነው፣ መንገዷን ባጃጅ ሞልቶታል። ሐረር 1900 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ቀዝቀዝ ትላለች፣ ዝናብም ይበዛላታል። ጁገል ውስጥ ደግሞ ቤት ከቤት የተጣበቀ ስለሆነ የጎረቤት አምፖል ከራስ አምፖል እኩል ይረብሻል።

ገበያ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ሬዲዮ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከመጨረሻው ይጀምራል። መጀመሪያ የሚመረጠው የማዳመጫው ቦታ ነው፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ሬዲዮው የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከ20 ሜጋኸርዝ በታች ከውጭ የሚገባው ጩኸት ማንኛውም ደህና ሬዲዮ በውስጡ ከሚያመነጨው ጩኸት እጅግ ይበልጣል። ጎረቤት ያለው ቻርጀር የሸፈነውን ጣቢያ ሦስት እጥፍ የሚወደድ ሬዲዮም አያወጣውም።

ቤቱን መለካት

ማንኛውንም አጭር ሞገድ ያለው የባትሪ ሬዲዮ ተዋሱ፤ አሮጌም ቢሆን ችግር የለውም። አዲስ ባትሪ አስገቡበት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ አንቴናውን እስከ ጫፉ አውጡት። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሙት፤ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ 10300 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይሆናል። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እሽታውን አንድ ደቂቃ ያህል አዳምጡ። ከዚያ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው ላይ አጥፉ።

እሽታው በግልጽ ከቀነሰ ጠላቱ ቤት ውስጥ ነው። መብራቱን መልሳችሁ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰካችሁ አድምጡ። በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችና ቀላል የስልክ ቻርጀሮች ናቸው፤ ከዚያ የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር፣ የዋይፋይ አዳፕተር፣ የፍሪጅ ስታቢላይዘርና ኢንቨርተር ይከተላሉ። ሬዲዮውን ወደ እያንዳንዱ ዕቃ አስጠጉት፤ ወንጀለኛው አጠገብ ሲደርስ ጩኸቱ ይንራል።

መብራት ጠፍቶም ካልቀነሰ ጩኸቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የጩኸቱ ዓይነት ምንጩን ይናገራል። የባጃጅ ሞተር ሻማ «ትክ ትክ ትክ» ይላል፤ ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ ይፈጥናል፣ ባጃጁ ሲያልፍም ያልፋል። ምሰሶ ላይ ያለ የላላ ወይም አቧራ የለበሰ ስኒ (የመብራት ሽቦውን የሚይዘው ሸክላ) ያለ ማቋረጥ «ዝዝዝ» ይላል፤ በደረቅ ወራት ይብሳል፣ ጥሩ ዝናብ ካጠበው በኋላ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ጸጥ ይላል። ቻርጀር በባንዱ ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጉብታዎች ይሠራል፦ እዚህ ጩኸት፣ ትንሽ አለፍ ሲል ጸጥታ፣ እንደገና ጩኸት። ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ ስትጠልቅ የሚያቆም ጩኸት ካለ ደግሞ የአንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሶላር አለ፤ የሚጮኸው ፓነሉ ሳይሆን የባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያው ነው።

መብራት ሲጠፋ ከመናደድ በፊት ሬዲዮ መክፈት ልመዱ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ሲሆን፣ ጄኔሬተር እስኪነሳ ባሉት ደቂቃዎች የምትሰሙት ጸጥታ ቤታችሁ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። በዚያች ጊዜ ጥርት ብሎ የገባ ጣቢያ መብራት ሲመጣ ከጠፋ፣ የጎደላችሁ ሬዲዮ አይደለም።

ከቤት ለሚመጣ ጩኸት ርካሹ መድኃኒት አምፖል መቀየር ነው። ሁለተኛው ፌራይት ነው፦ በተበላሸ የኮምፒዩተር ስክሪን ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር እብጠት ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሰብሮ አውጥቶ የቻርጀሩን ገመድ በቀዳዳው እስከቻለው ድረስ ደጋግሞ ማዞር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ ለውጡ እምብዛም ነው፤ ዙሩ በእጥፍ ሲጨምር ውጤቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሬዲዮውን ከሶኬት ማሠራት ግድ ከሆነ ደግሞ ቀላሉን አዳፕተር ትታችሁ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለውን ከባዱን የድሮ አዳፕተር ፈልጉ። ክብደቱ ራሱ ምልክት ነው።

ሬዲዮዎቹ

በድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ በሌላ ሱቅ ፊት ለፊት የምታገኙት መብራት፣ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል፣ «ኤፍኤም፣ ኤኤም፣ ኤስደብሊው» የተጻፈበት ሳጥን ነው። ለቤት ሙዚቃ ጥሩ ነው። ለአጭር ሞገድ ግን የኋለኛው ክፍል ፊተኛውን ይረብሸዋል፤ ፍላሽ ማንበቢያው ሲሠራ የሚፈጥረውን ጩኸት ሬዲዮው መልሶ ይሰማዋል። ለዜና ብቻ ለሚፈልግ ሰው እንኳ ገንዘቡን ከዚህ ይልቅ ተክሰን አር-9012 ላይ ቢያውል ይሻላል። ይህ በመርፌ የሚፈለግ፣ በሁለት ትናንሽ ድንጋይ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ፣ ለዋጋው ጆሮው ስል የሆነ ሬዲዮ ነው። ሦስት ጉድለቶች አሉበት። ቁጥር ስለማያሳይ ያገኛችሁትን ጣቢያ ነገ በግምት ነው የምትፈልጉት። ከጥላ ወደ ሞቃት በረንዳ ሲወጣ ጣቢያው ይንሸራተታል፤ ይህ ድሬ ላይ ከሐረር ይልቅ ያስቸግራል። ደግሞም አንድ ጠንካራ ጣቢያ ከትክክለኛ ቦታው 910 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ በሐሰት ይደገማል፤ በ9800 ያለው 8890 ላይም ይሰማል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የአሠራሩ ባሕርይ ነው።

ከዚያ ከፍ ሲል ምርጫው በሦስት ሬዲዮዎች መካከል ነው፦ ተክሰን ፒኤል-330፣ ኤክስኤችዳታ ዲ-808 እና ተክሰን ፒኤል-660። ሦስቱም ቁጥር ያሳያሉ፣ ሦስቱም ኤስኤስቢ አላቸው፤ አማተሮች፣ ማለትም ፈቃድ አውጥተው በሬዲዮ ለመዝናኛ የሚነጋገሩ ሰዎች፣ የሚጠቀሙበትን ይህንን ዓይነት ስርጭት ተራ ሬዲዮ የሚያሰማው እንደ ተጨፈለቀ ጉርምርምታ ነው።

በአገራችን ሁኔታ ልዩነታቸው የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ፒኤል-330 የሚሠራው በቢኤል-5ሲ ነው፤ በድሮው የኖኪያ ባትሪ ማለት ነው። በማንኛውም የስልክ ዕቃ ሱቅ ይገኛል፣ ግን ሐሰተኛው ይበዛል። ሚዛን ላይ ቀለል ብሎ ከተገኘ ወይም ሆዱ ትንሽ እንኳ ከተነፋ አትውሰዱት። ዲ-808 በ18650 ይሠራል፤ እንደ ወፍራም ድንጋይ ያለው፣ የፓወር ባንክና የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚገኘው ነው። አቅሙ ትልቅ ስለሆነ ደጋግሞ መሙላት አያስፈልግም። ፒኤል-660 አራት ትናንሽ ድንጋዮች ይወስዳል፤ መብራት ለቀናት ቢጠፋ ከማንኛውም ኪዮስክ ገዝቶ መቀጠል ይቻላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ሊቲየም ባትሪ ያለበትን ሬዲዮ መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ መተው ባትሪውን መግደል ነው። ሐረር ላይ ይህ ስጋት ያን ያህል አይደለም።

ጣቢያ አፈላለግ ላይ ፒኤል-330 ይቀድማል። ባንዱን በሙሉ ራሱ ፈትሾ ያገኘውን በየሰዓቱ ለይቶ ያስቀምጣል፤ የምሽት 1 ሰዓት ጣቢያዎች ከጠዋት 1 ሰዓት ጣቢያዎች ጋር አይደባለቁም። ኤስኤስቢ ላይ በ10 ኸርዝ እየቆጠረ ይንቀሳቀሳል፤ የሰው ድምፅ የሰው ድምፅ እንዲመስል ይህ በቂ ነው። ፒኤል-660 በ1 ኪሎኸርዝ ይዘላል፤ የቀረውን በጎኑ ባለች ትንሽ ተሽከርካሪ ቁልፍ በጆሮ ማስተካከል ነው። ለጀማሪ ትንሽ ያታክታል፤ የለመደ ግን ይወደዋል። ፒኤል-660 አየሩ ሲዋዥቅና ድምፅ ሲጣመም ጣቢያውን አጥብቆ የሚይዝ መቆለፊያ አለው፤ ዲ-808 ይህ የለውም። በፒኤል-330 ላይ ያለው ደግሞ አንዳንዴ ራሱ ያጉረመርማል፤ ለእሱ ብላችሁ አትግዙት።

ዲ-808 እና ፒኤል-660 የአውሮፕላን ባንድም አላቸው። ድሬ አየር ማረፊያ አጠገብ የምትኖሩ ያቺን ቁልፍ ባትነኳት ይሻላል፤ ከማንም ጋር ማብራሪያ የሚያስጀምር ነገር ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ አይጠቅምም። በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው ፒኤል-330ን ነው።

ያገለገለ ሶኒ አይሲኤፍ-ኤስደብሊው7600ጂአር ካጋጠማችሁስ? ምርቱ ቆሟል፤ ደህና ሆኖ የተያዘው ግን ዛሬም ከሦስቱ አያንስም። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ አትፈትሹት፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የሱቁ አምፖሎች ማንኛውንም ሬዲዮ ደንቆሮ ያስመስላሉ። የራሳችሁን ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወደ 12 ሰዓት ምሽት ሲሆን ውጭ አውጡት፣ ከ9400 እስከ 9900 ኪሎኸርዝ ባለው የ31 ሜትር ባንድ ላይ ፈልጉ። ብዙ ጣቢያ ካልሞላበት ጆሮው ተጎድቷል ማለት ነው። የባትሪ ቤቱን ከፍታችሁ አረንጓዴ ዝገት መኖሩን እዩ። የአንቴናውን ሥር ይዛችሁ ነቅነቅ ስታደርጉት «ክርክር» ካለ ውስጡ ያለው ስታኞ ተሰንጥቋል፤ ይህ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ዋጋ መቀነሻ አድርጉት።

ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካው አርቲኤል-ኤስዲአር የተለየ ፍጥረት ነው። ከ2 ሜጋኸርዝ በላይ ስፋት ያለውን ሰማይ በአንድ ጊዜ በምስል ያሳያል። የ31 ሜትር ባንድ ሙሉ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል፤ ጩኸቱም ጭምር ይታያል፣ ስለዚህ የትኛው ቻርጀር የትኛውን ጉብታ እንደሠራ ለማወቅ እንደሱ ያለ መሣሪያ የለም። ሥሪት 3 አጭር ሞገድን የሚቀበለው በቀጥታ ስለሆነ ከ14.4 ሜጋኸርዝ በላይና በታች ያሉት እርስ በርስ ይገለበጣሉ፤ በ13.8 ያለው 15 ላይ ይታያል። ሥሪት 4 ይህን በውስጡ ባለ መቀየሪያ ፈትቶታል፤ አዲስ የሚገዛ ሰው እሱን ይውሰድ፣ ሾፌር የሚባለውን ፕሮግራም ግን ከሻጩ መመሪያ ጋር የሚሄደውን መጫን አለበት። ሁለቱም ባለ 8 ቢት ስለሆኑ ጠንካራ ጣቢያ ሲገባ ቶሎ ይደነግጣሉ። ሰውነታቸው ይግላል፤ ድሬ ላይ በቀትር እጅ እስከማያስነካ ይደርሳል። የላፕቶፑ ቻርጀር ደግሞ ራሱ ከጩኸት ምንጮች አንዱ ነው። በላፕቶፕ ባትሪ ብቻ ለመሥራት ካልቆረጣችሁ በስተቀር የመጀመሪያ ሬዲዮ አታድርጉት። ለሁለተኛ ግን ይመከራል።

ምንም ሳይገዙ ለመጀመርም መንገድ አለ። ሆላንድ የሚገኘው የትዌንተ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። የምትሰሙት የሆላንድን ሰማይ እንጂ የድሬን አይደለም፤ ቢሆንም ኤስኤስቢ እንዴት እንደሚስተካከል ጆሮን ለማስለመድ፣ ወይም የጠፋባችሁ ጣቢያ ስርጭት ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ይጠቅማል።

ሽቦው

የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሬዲዮው የራሱ አንቴና ግማሽ ሥራውን እንኳ አይሠራም። የጁገል የድንጋይ ግድግዳ ለአጭር ሞገድ እንደ ቆርቆሮ አያስቸግርም፤ የሚዘጋው ላዩ ላይ የተመታው ቆርቆሮ ነው።

ግቢ ላለው ሰው ከሽቦ የተሻለ ነገር የለም። 10 ሜትር በፕላስቲክ የተሸፈነ የመብራት ሽቦ፣ ባለ 1 ወይም 1.5 ካሬ፣ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በናይለን ገመድ ዛፍ ላይ አስሩ፤ ዛፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ሽቦው እንዳይበጠስ ገመዱን ትንሽ አርገብ አድርጉት። ሽቦው ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከመብራት መስመር ደግሞ ቢወድቅ እንኳ በማይደርስበት ርቀት ይሁን። ይህችን ነገር ቀላል አታድርጓት፤ በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው በእሷ ነው። ሌላኛውን ጫፍ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ሞኖ ጃክ አፍንጫ ላይ በስታኞ በይዱት፣ የጃኩ አንገት ላይ ደግሞ የመሬት ሽቦውን። ሐረር ላይ አንድ ሜትር ተኩል ፌሮ እርጥብ አፈር ውስጥ መምታት ደህና መሬት ይሆናል። የድሬ ደረቅ አሸዋ ግን መሬት አይሰጥም፤ በፌሮው ፋንታ ሌላ 5 ሜትር ሽቦ በግድግዳው ሥር መሬት ለመሬት ዘርጉ።

ድሬ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ደረቅና አቧራማ ነፋስ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ጃኩን ስትሰኩ ያ ክምችት በአንዴ ገብቶ የሬዲዮውን የፊት ትራንዚስተር ያቃጥላል፤ ሬዲዮው ኤፍኤም እየሠራ አጭር ሞገድ ላይ ድንገት ይደነቁራል። መከላከያው ከሽቦው ወደ መሬት ሽቦው የምትገናኝ ባለ 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ናት። ምልክቱን ሳትቀንስ ክምችቱን ቀስ እያለች ታፈስሳለች። ለመብረቅ ግን ምንም አታደርግም፤ ደመና ሲከብድ ሽቦውን ነቅሎ ከቤት ውጭ መተው ነው።

«20 ሜትር ቢሆንስ?» ለእነዚህ ትናንሽ ሬዲዮዎች ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው። የአንድ ጣቢያ ድምፅ የእሱ ባልሆኑ ብዙ ቦታዎች ከተሰማ ሬዲዮው ጠግቦ ተርፎታል። ሬዲዮው «ሩቅ» እና «ቅርብ» የሚል ማብሪያ ካለው ወደ «ቅርብ» መልሱት፤ ካልበቃ ጃኩን ንቀሉና ሽቦውን ሳትልጡ በራሱ አንቴና ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሙት።

ፎቅ ላይ ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ከመስኮት የተንጠለጠለ ሽቦ የሕንፃውን ጩኸት ሁሉ ይሰበስባል፤ እዚያ ኤምኤልኤ-30 ፕላስ የሚባለው ባለ ማጉያ የሽቦ ቀለበት ይሻላል። ቀለበቱ ቀዳዳው በሚያይበት አቅጣጫ አይሰማም፤ ስለዚህ ጩኸቱ እስኪቀንስ በረንዳ ላይ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ኃይሉን ከግድግዳ ቻርጀር ከሰጣችሁት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ፓወር ባንክ ተጠቀሙ፣ የተለያዩ ፓወር ባንኮችንም ሞክሩ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ይጮኻሉ።

ጁገል በዓለም ቅርስነት ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተመዘገበ ስለሆነ አጥሩ ላይም ሆነ የቆየ ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም። ሽቦው በግቢው ውስጥ ከዛፍ ወደ መስኮት ይሂድ። ለጎረቤት ምን እንደሆነ አስቀድሞ መንገርም ከሽቦው እኩል ያስፈልጋል፤ ጣሪያ ላይ ያለ እንግዳ ሽቦ ወሬ ይወልዳል። ቤቱ ጨርሶ ካልተቻለ ሬዲዮውን ይዞ ሐኪም ጋራ መውጣት፣ ከድሬ ደግሞ ወደ ደንገጎ የሚወጣውን ዳገት መያዝ ነው። እዚያ አንድ ትንሽ ሬዲዮ በራሱ አንቴና ከተማ ውስጥ በ10 ሜትር ሽቦ የማይሰማውን ይሰማል።

ሰዓትና ሰማይ

የጣቢያዎች ሰሌዳ የሚወጣው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 መቀነስ ብቻ ነው፤ 1600 የተባለው 13 ይሆናል፣ እሱም ምሽት 1 ሰዓት ነው። 0400 ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓት። ሰሌዳው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መጋቢትና ጥቅምት ሲጋመሱ ይለወጣል፤ የለመዳችሁት ጣቢያ በዚያ ሰሞን ከጠፋ ሬዲዮውን ወደ ጠጋኝ አትውሰዱ።

ቀን ከፍተኛውን ባንድ፣ ማታ ዝቅተኛውን ያዙ። በቀትር 15100፣ 17500 እና 21500 አካባቢ ይከፈታል፤ 6000 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለው የ49 ሜትር ባንድ ግን ከቅርብ ጣቢያ በቀር ባዶ ነው። ድሬ ላይ ሰው በርጫ ላይ የሚቀመጥበት፣ መንገዱ ጭር የሚልበት ከሰዓት በኋላ ባጃጁም ስለሚቀንስ ለእነዚህ ከፍተኛ ባንዶች ምቹ ነው። የቅርቡን ለመሞከር ደግሞ 7120 ኪሎኸርዝ አለ፤ ራዲዮ ሐርጌሳ ለዓመታት የተሰማበት ነው፣ ከድሬ በቀጥታ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው።

በኛ ሰማይ ላይ ያለ፣ የሌላ አገር መመሪያ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ያልፋል። በዚህ የተነሳ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይ መስከረምና መጋቢት አካባቢ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ለሰዓታት ይርገበገባል፤ ሰውዬው በአየር ማራገቢያ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ይህን የትኛውም ሬዲዮ አያስተካክለውም፣ የጣቢያ መቆለፊያውም አይችለውም። ስለዚህ ሁለት ሬዲዮ ስታወዳድሩ በነዚህ ምሽቶች አታወዳድሩ።

ማወዳደሪያውስ ምን ይሁን? በ14100፣ 18110፣ 21150፣ 24930 እና 28200 ኪሎኸርዝ ላይ በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 የአማተር መፈተሻ ጣቢያዎች በየተራ 10 ሰከንድ ይልካሉ፤ ዙሩ በ3 ደቂቃ ያልቃል። እያንዳንዱ ስሙን በሞርስ ጠርቶ አራት ረጃጅም ድምፆች ያሰማል፦ በ100 ዋት፣ በ10፣ በ1፣ በ0.1። ኤስኤስቢውን ላይኛው ጎን (ሬዲዮው ላይ «ዩኤስቢ» የተባለው) ላይ አድርጋችሁ 14099 ላይ ቁሙና ድምፆቹን ቁጠሩ። በአንዱ ሽቦ ሁለት፣ በሌላው ሦስት ከሰማችሁ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ናይሮቢ ያለው 5ዜድ4ቢ ቅርቡ ነው፤ የቴል አቪቩ 4ኤክስ6ቲዩና የስሪላንካው 4ኤስ7ቢም አሉ። አልፎ አልፎ አንዳንዱ ከስርጭት ስለሚወጣ አንዱ ባይሰማ አትደንግጡ። አንዱን ዙር በአንዱ፣ ቀጣዩን በሌላው አዳምጡ፤ ሰማዩ በደቂቃዎች ስለሚለዋወጥ የትናንትን ከዛሬ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ከማዳመጥ ወደ መነጋገር

አማተሮችን ለማዳመጥ ያው ኤስኤስቢ ያለው ሬዲዮ ይበቃል፤ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ታችኛውን ጎን፣ በላይ ላይኛውን ጎን ይዞ ማለት ነው። ቀን ከ14000 እስከ 14350 እና ከ21000 እስከ 21450 ጥሩ ነው፤ ማታ ከ7000 እስከ 7200። 14074 ላይ የሚሰማው የሚዘፍን የሚመስል ጩኸት ኤፍቲ8 ነው፤ በየ15 ሰከንዱ የሚላክ የኮምፒዩተር ጽሑፍ ነው፣ የሬዲዮውን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ ማንበብ ይቻላል። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከአንድ ሰከንድ በላይ ከተዛነፈ ግን ማንበቡ ይቸገራል። አማተሮች ቦታቸውን በአራት ፊደላትና ቁጥሮች ይሰይማሉ፦ ድሬዳዋ ኤልጄ09 ናት፣ ሐረር ኤልጄ19።

ማስተላለፍ ሌላ ነገር ነው። ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቅደም ተከተሉ ፈቃድ፣ የጥሪ ስም፣ ከዚያ ዕቃ ነው። ዕቃውን አስቀድሞ ከውጭ ያዘዘ ሰው ጉምሩክ ላይ ይጉላላል። የኢትዮጵያ አማተሮች ስም በኢቲ ይጀምራል፤ አዲስ አበባ 5 ኪሎ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው፣ ከመግዛት በፊት እዚያ ሄዶ መጠየቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

ለወደፊቱ የሚያስብ ሰው ሺጉ ጂ90ን ከአይኮም አይሲ-7300 ጋር ያወዳድር። የመጀመሪያው 20 ዋት፣ ሁለተኛው 100 ዋት ይልካል። በጆሮ ሲመዘን ይህ ልዩነት የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ በኃይል አቅርቦት በኩል ግን ሰፊ ነው። አይሲ-7300 ሲልክ በ13.8 ቮልት እስከ 21 አምፒር ይጠይቃል፤ የእኛ መብራት ሲዋዥቅና ሲጠፋ ይህን የሚሸከም ባትሪ ከሬዲዮው ያላነሰ ራስ ምታት ነው። ጂ90 ባለ 20 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ፎስፌት ባትሪ ላይ ምሽቱን ሙሉ ይሠራል። በተጨማሪ ዋቱ ያንስና አንቴናው ይሻል፤ በተቃራኒው አይደለም።

ለ20 ሜትር ባንድ የሚሆነው ሁለት እጅ ያለው ሽቦ ነው። 143ን በሜጋኸርዙ ማካፈል ጠቅላላ ርዝመቱን ይሰጣል፤ ለ14.1 ሲሆን 10.14 ሜትር፣ እያንዳንዱ እጅ 5.07። መጀመሪያ 5.25 አድርጋችሁ ቁረጡና ከሰቀላችሁ በኋላ እየቀነሳችሁ አስተካክሉ፤ የተቆረጠ ሽቦ አይቀጠልም። ለመቀበል ብቻ ከሆነ ከመሀሉ የሚወርደው ገመድ የዲሽ ኬብል ቢሆን ምንም አይል። ከድሬ መካከለኛው አውሮፓ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በኮምፓስ 332 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሽቦው ከ62 ወደ 242 ዲግሪ ይዘርጋ። እንዲህ ሲሆን ጫፉ ወደ ሰሜን ህንድ ያመለክታል፣ የዚያ አቅጣጫ ጣቢያዎችም ይደክማሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሽቦው 10 ሜትር ገደማ ከፍ ካለ ነው፤ ከ5 ሜትር በታች ከተሰቀለ አቅጣጫ የሚባል ነገር ስለማይኖረው ኮምፓሱን ትታችሁ ዛፉ ባለበት ስቀሉት።